ከቀለሙ ሥር ያለው

አንድም ቃል ሳይናገሩ መዋሸት ይቻላል? ጥያቄው ሩቅ እንዳይመስላችሁ ወደ አንበሳሜ እናምጣው። አንድ ወጣት ለዓመታት እንጀራ የበላበትን ባጃጅ ሊሸጥ ነው እንበል። ከጎማው የተፈናጠረ ጠጠር ከወለሉ ጠርዝ ላይ ቀለሙን ልጦታል፤ ሁለት ክረምት አልፎበትም ቦታው ዝጓል። ገዢው ደግሞ እቁብ የደረሰው የሰፈር ልጅ ነው። ሻጩ ቀለም ገዝቶ ዝገቱን ከላይ ቢሸፍነውና ዝም ቢል፣ ዋሸ እንለዋለን?

ለመመለስ መጀመሪያ ዝገትን ራሱን እንወቀው። ብረት ከእርጥበትና በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይዝጋል። መኪና ቀለም የሚቀባው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ውሃና አየር ብረቱን እንዳያገኙት ለመከልከልም ነው። ጠጠር ያን ሽፋን ሲያነሣው የጥፍር ጫፍ የምታህል ቦታ ትበቃለች። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ እያበጠ ደኅናውን ቀለም ከሥሩ ገፍቶ ያነሣዋል። ከውጭ ትንሽ እብጠት ስታዩ ከሥር ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከዚያ የሰፋ ነው።

ትንሽ ዝገት በቤት ማስቆም ይቻላል፤ ሥራው ግን ችኮላ አይወድም። ቦታው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ከዚያ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው፤ በዙሪያው ያለው የቀለም ጠርዝም አብሮ ይለሰልሳል። አቧራውና ቅባቱ ከተጠረገ በኋላ፣ ሳያድር፣ አንቲረስት ይቀባል። እሱ ሲደርቅ የመኪናው ቀለም በስሱ ይደራረባል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይጨመርበትም። ወቅቱ ክረምት ከሆነ ደረቅ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ላሜራው ተበልቶ ከተበሳ ግን ነገሩ ከቀለም አልፏል፤ የበሰበሰው ተቆርጦ በብየዳ አዲስ ላሜራ መተካት አለበት፤ ይህም የባትላሜራ ሥራ ነው።

ልብ በሉ፤ ከዚህ ሁሉ ድካም ሲያልቅ የሚታየው የመጨረሻው ቀለም ብቻ ነው። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ዝገቱን ሳይፍቁ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነው ቀለም ቢያለብሱትም በመጀመሪያው ቀን የሚታየው ያው ነው። ብልህ ገዢ ማግኔት ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ማግኔት ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ግን አይይዝም። ዓይን ቢታለልም ከቀለሙ ሥር የቀረው ዝገት መብላቱን አይተውም። እብጠቱ ተመልሶ ሲወጣ ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ተሳፋሪም በዚያ ወለል ላይ እግሩን አሳርፏል።

«ገዢው ዓይን አለው፤ ራሱ አይቶ ይግዛ» የሚል ይኖራል። ይህ የሚያስኬደው ነገሩ ለዓይን ክፍት ሲሆን ነው። ቀለሙ የተቀባው ግን ዓይን እንዳያይ ነው። «ሁሉም የሚሸጠው እንዲሁ ነው» የሚልም አይጠፋም። ሁሉም የሚያውቀውና የተስማማበት ከሆነ ለምን ተደብቆ ይሠራል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ሻጭን ስለሚሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጉድለቱን በተንኮል የሸሸገ ሻጭ «ኃላፊ አልሆንም» ብሎ ቢዋዋልም አያመልጥም። ስለዚህ የሻጩ ብሩሽ በአንደበቱ ፋንታ «ደኅና ነው» ብሎ ተናግሯል። አዎ፣ ዋሽቷል።

ታዲያ መሸፈን ሁሉ ክፉ ነው? አይደለም። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ከአውሮፓ የመጡ ወንጌላውያን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከነሐስ ሠርተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው ይህ መድፍ ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ። ነሐስም አየርና ዝናብ ሲነካው መልኩ ይለወጣል፤ ነገር ግን የሚለብሰው ስስ ሽፋን ከራሱ ጋር ተጣብቆ ውስጡን ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን እየተቀረፈ አዲሱን ብረት ለእርጥበት አሳልፎ ይሰጣል። አንዱ ልብስ ገላን ይጠብቃል፣ ሌላው ገላን ይበላል።

በመካከላችንም እንዲሁ ነው። ስሕተቱን አምኖ የተመለሰን ጓደኛ ያለፈ ታሪክ ለወሬ አለማውጣት ፍቅር ነው፤ ቁስሉ ተፍቆ ጸድቷል፣ ሽፋኑም እሱን ይጠብቀዋል። ዛሬም ሰው እየጎዳ ያለን በደል «የቤታችን ገመና ነው» ብሎ መሸፈን ግን ዝገት ላይ ቀለም መቀባት ነው። ሁለቱን ለመለየት፣ ይህ ሽፋን የሚጠብቀው ማንን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የተጎዳውን ነው ወይስ የጎዳውን? ገዢውን ነው ወይስ ሻጩን?

ከሁሉ የሚከብደው የጋራዥ ሠራተኛው ነገር ነው። ባለቤቱ «ነገ ይሸጣል፤ ዝም ብለህ ቀባው» ይለዋል። እሱ ሻጭ አይደለም፣ ከዋጋው ትርፍ አያገኝም፤ እንቢ ካለ ግን ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ይህን ችግር ማቃለል አይገባም። ቢሆንም ሌላው ቢቀር «ይህ ሳይፋቅ አይቆይም፤ ለገዢውም ይነገረው» ማለት ይችላል። የሚታዘዝ እጅ ቢሆንም የራሱ እጅ ነው። እኛም እንዲህ ያለውን ወጣት ብቻውን ከመውቀስ ይልቅ፣ ሥራውን ሲያጣ አብረነው የምንቆም መሆናችንን እናስብ።

ጌታ በተራራው ስብከቱ ስለ ምድር መዝገብ ሲያስተምር ዝገትን ያነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ብረት ውሎ አድሮ ያልቃል፤ በብረቱ ምክንያት ባልንጀራን ማጣት ግን ግዴታችን አይደለም። ባጃጁን የሚሸጠው ልጅ ዝገቱን በደንብ ፍቆ፣ አንቲረስት ቀብቶ፣ ገዢውን ወደ ቦታው ጎንበስ አድርጎ «እዚህ ጋ ዝጎ ነበር፤ ያደረግሁለት ይህን ነው» ሊለው ይችላል። ዋጋው ጥቂት ብር ይቀንስ ይሆናል። ነገ መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን ፊቱን የሚያዞርበት ምክንያት የለውም።