ስላረጀ ውሻ ማዘን ይገባልን?

በአገራችን ልማድ ውሻ የሚለው ስም ለስድብ እንጂ ለምስጋና ብዙ ጊዜ አይነገርም። በማይገባው ስፍራ ተገኝቶ ከየወገኑ የሚባረረውን ሰው፥ ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ ሆነ እንላለን። ይሁን እንጂ ይኸው ለስድብ የዋለ እንስሳ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት ደጃችንን ከጠበቀ፥ ከልጆቻችንም ጋራ ካደገ በኋላ ዓይኑ ሲፈዝና እግሩ ሲከዳው ቤተ ሰቡ ሁሉ ይጨነቃል። በአምስት ኪሎና በአካባቢው ከሚኖሩት ምእመናን አንዳንዶቹ ይህ ኀዘን ሲደርስባቸው ሦስት ጥያቄ ያቀርባሉ። ይኸውም፥ ስለ ውሻ ማልቀስ ኀጢአት ነውን? ነፍሱስ ወዴት ትሄዳለች? ሥቃዩ ሲጸና በመርፌ ማሳረፍስ ይፈቀዳልን? የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ስንመለከት፥ ኀዘን ከፍቅር የሚወለድ ነው፤ ፍቅርም በራሱ አይነቀፍም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ የመሰለው ምሳሌ ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በግ ነበር። ያች በግ ከልጆቹ ጋራ አድጋ፥ ከማዕዱ ተካፍላ፥ በብብቱ ተኝታ፥ እንደ ልጁ ሆና ትኖር ነበር። ነቢዩ ድኻውን እንስሳ ወደድህ ብሎ አልነቀፈውም፤ ንጉሡም ነገሩን ሲሰማ ተቈጣ እንጂ አልሣቀም። በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያን መልአኩ ሩፋኤል ሲመራው ውሻው አብሮ ተከትሏል። ከመልአክ ጋራ በአንድ መንገድ የሄደውን እንስሳ መውደድ ምን ነውር አለበት? በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊትና ሥዕልም እመቤታችን ውኃ ለጠማው ውሻ በወርቅ ጫማዋ ቀድታ ስታጠጣ እናያለን።

ሁለተኛው ስለ ነፍስ ነው። ሊቃውንት እንዳስተማሩን የሰው ነፍስ ነባቢት፥ ለባዊት፥ ሕያዊት ናት፤ የእንስሳ ነፍስ ግን ደመ ነፍስ ስለ ሆነች ከሥጋው ጋራ ታልፋለች። ስለዚህ ለውሻ ፍትሐት አይደረስም፥ ተዝካርም አይወጣም። ነገር ግን ጌታችን በጥቂት ሳንቲም የሚሸጡት ወፎች እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተረሱ አስተምሯል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፥ ፍጥረት ሁሉ እየቃተተ ነጻነቱን እንደሚጠባበቅ ጽፏል። ስለዚህ ለሚያለቅስ ሕፃን፥ ውሻህ በሰማይ ይጠብቅሃል ብለን ያልተገለጠልንን አንናገር፤ ውሻ ነውና ምን ያስለቅስሃል ብለንም አናሳፍረው። የፈጠረው አይረሳውም ማለት ይበቃዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚነግረን እንስሳት ሁሉ ቀድሞ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር፤ አንደበታቸው የተዘጋው አዳም ከገነት በወጣባት ዕለት ነው። እንግዲህ ውሻው ሕመሙን ሊነግረን ያልቻለው በእኛ በደል ምክንያት ከሆነ፥ ዝምታውን ማስተዋል የእኛ ዕዳ ነው። የሰው ሕይወት የሰጪዋ የእግዚአብሔር ናት፤ ሕመም ስለ ጸናበት ሰውን መግደል አይፈቀድም። እንስሳ ግን ከኖኅ ጀምሮ በሰው እጅ ተሰጥቷል፤ ለምግብ ማረድ ካልተከለከለ፥ የማይድነውን ሥቃይ ማሳጠር ኀጢአት ነው ለማለት አንደፍርም። ዳሩ ግን ልብን መመርመር ይገባል። የምናሳርፈው እርሱን ነው ወይስ ራሳችንን? መድኃኒት ሳለ ወጪውን ፈርተን፥ ወይም ደጅ መጠበቅ ተሳነው ብለን ከሆነ፥ ስሙ ምሕረት አይደለም። የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ተስፋ የለውም ያለ እንደ ሆነ ግን፥ የሚያውቀው ሰው ከአጠገቡ ሆኖ ሳይፈራ እንዲያርፍ ማድረግ፥ ጠቢቡ በምሳሌው ጻድቁን ያመሰገነበት ለእንስሳ መራራት ነው። ከሁሉ የከፋው ያረጀውን በጆንያ ከትቶ ሩቅ ሰፈር መጣል ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የበላበት ደጅ ከጣለው ወዴት ሄዶ ይጩኽ?

ለፍቅርም ሥርዓት አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው፤ በሞተም ጊዜ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ መቃብር ተሠራለት። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ዐፅማቸው እስከ 1984 ዓ.ም. ተደብቆ ቈየ፤ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈውም በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። ውሻው የታወቀ መቃብር ሲኖረው ጌታው ይህን ያህል ዘመን መቃብር አጣ። ይህን ሰምቶ ውሻው ስለ ምን ተከበረ የሚል ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም፤ ጥፋቱ እንስሳን በማክበር የመጣ ሳይሆን ሰውን ክብር በመንሣት የመጣ ነውና።

ስለ አልዓዛር በተነገረው ምሳሌም ባለጸጋው ያላየውን ቍስል ውሾች ይልሱት ነበር። እንግዲህ ውሻ የሚወድ ሰው ከውሻ ይማር። በአምስት ኪሎ በቅድስት ማርያም ደጅ የተቀመጠውን ነዳይ ሳያይ አልፎ ለውሻው ብቻ የሚያለቅስ ሰው ኀዘኑ ጎዶሎ ነው።

ምእመናን ሆይ፥ ያረጀውን ውሻችሁን እስከ ፍጻሜው መግቡት፤ ልጆቻችሁም እንዲሰናበቱት ፍቀዱ። በሞተም ጊዜ በጥልቅ ጕድጓድ ቅበሩት እንጂ በመንገድ አትጣሉት፤ ስላገለገላችሁም ፈጣሪውን አመስግኑ። ተዝካር የለውም፤ ነገር ግን በየማታው ለእርሱ የምታወጡት ቍራሽ ስለ ቀረ፥ ዋጋው ከደጅ ለተቀመጠው ወንድማችሁ ይድረስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።