ተደግፎ መኖርና የልክ ጥያቄ

በሐይቅ ውስጥ ጠልቀው የሚበቅሉ ዕፅዋትን ቅጠልና ግንድ የሚያለብሰው የሚያሙለጨልጭ ሽፋን በአብዛኛው ዋቅላሚ ወይም አልጌ ነው። አዲስ ቅጠል ውኃው ውስጥ እንደተዘረጋ አስቀድመው ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። ከዚያ ቅርፊታቸው ከሲሊካ የተሠራ ዳያተሞች ይመጣሉ፤ በኋላም እንደ ክር የሚረዝሙ አረንጓዴ ዋቅላሚዎች ይከተላሉ። ዋቅላሚው የራሱ ሥር የለውም፤ ቅጠሉን ተደግፎ ይኖራል፣ ምግቡን በአመዛኙ ከውኃው ይወስዳል፣ ብርሃኑንም ከቅጠሉ ቀድሞ ይቀበላል። ይህ አኗኗር ሃይማኖትም ፍልስፍናም የሚጋሩትን ጥያቄ ያስነሳል፦ በሌላው ተደግፎ የሚኖር በዳይ ነውን?

ውኃው ንጹሕ ሲሆን ሽፋኑ ስስ ነው። ቀንድ አውጣዎችና የውኃ ነፍሳት ይመገቡታል፤ እነርሱ ደግሞ ለዓሣ ምግብ ይሆናሉ። ቀንድ አውጣው ሲግጥ ቅጠሉ ይጠራል፣ ብርሃንም ያገኛል። ከእርሻና ከከተማ የሚወርድ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲበዛ ግን ያው ዋቅላሚ ይወፍርና ቅጠሉን ያጨልመዋል። ፊሊፕስ፣ ኤሚንሰንና ሞስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳስረዱት፣ በእንዲህ ያሉ ሐይቆች የዕፅዋቱ መመናመን የሚጀምረው ከዚህ ጥላ ነው። ዕፅዋቱ ሲጠፉ ደለሉን የሚይዝ አይኖርም፤ ውኃውም ይደፈርሳል። ስለዚህ ጉዳቱ የመጣው ከመደገፍ ሳይሆን ልክ ከማጣት ነው።

አርስቶትል ምስጋናና ወቀሳ የሚገባው በፈቃድ ለተሠራ ሥራ መሆኑን አስተምሯል። ዋቅላሚ ፈቃድ የለውም፤ የተሰጠውን ያህል ያድጋል። ልክን ማወቅ፣ መጠበቅና መጣስ የሚችለው ሰው ነው። ቁርኣን በአር-ራሕማን ምዕራፍ ፈጣሪ ሚዛንን እንዳኖረ ይናገራል፤ ሰውም ሚዛኑን እንዳያልፍ ያዛል። ኦሪት ዘፍጥረት ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑን ይገልጻል። በኦሮሞ ዘንድም ሳፉ የሚባለው የሥነ ምግባር እሳቤ ሰው ከሰው ብቻ ሳይሆን ከፍጥረት ሁሉ ጋር ያለውን ተገቢ ግንኙነት ይመለከታል።

ከድሬዳዋ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው የቀድሞዋ ከተማ ሐርላ መደገፍ በራሱ ነውር አለመሆኑን ታሳያለች። በቲሞቲ ኢንሶል የተመራው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ በዚያ የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ዶቃዎችና ሸክላዎች አግኝቷል። የከተማዋ ሕይወት ከሌላው ዓለም ጋር በተሳሰረ ንግድ የቆመ ነበር። ከሐርላ በላይ ባለው ደጋ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ ልክ ሲጠፋ የሚሆነውን አሳይቷል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ሲቀዳ፣ ከተራቆተው ተዳፋት በታጠበ ደለልም ሲሞላ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደረቀ። ሐይቁ ሲደርቅ ዓሣው፣ የውኃው ዕፅዋትና በእነርሱ ላይ የሚኖረው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ውኃው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከፊል ተመልሷል።

እንግዲህ ሰውም በሐይቁ ተደግፎ የሚኖር ፍጡር ነው። ከዋቅላሚ የሚለየው ብርታቱ ሳይሆን ልኩን የሚያውቅበት ልቡና ነው፤ ተጠያቂነቱም ከዚሁ ይመነጫል። ስለዚህ ከሐይቁ የሚቀዳውን ውኃ መመጠን፣ ማዳበሪያንና ፍሳሽን ከውኃው ማራቅ፣ ተዳፋቱንም በዛፍና በእርከን መጠበቅ የሙያ ምክር ብቻ ሳይሆን የአደራ ግዴታ ነው።