ካሜራው ከተዘጋ በኋላ

የተቸገረን ሰው መቅረጽ ተገቢ ነውን? ለአገልግሎት ምግብና ልብስ ይዛችሁ ስትወጡ ስልካችሁም አብሮ ይወጣልና ጥያቄው የእናንተ ነው።

ነገሩን በአንዲት ገጣሚ ሥራ እንመልከተው። ኢራናዊቷ ፎሩግ ፋሮክዛድ እ.ኤ.አ. በ1962 በታብሪዝ አቅራቢያ ወዳለ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ሄዳ «ቤቱ ጥቁር ነው» የተባለ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ዘጋቢ ፊልም ሠራች። ፊልሙ በሽታው በሕክምና እንደሚድን ያስረዳል፤ እርሷም ከብሉይ ኪዳን የተወሰዱ ቃላትን በራሷ ድምፅ ታነባለች። ሕሙማኑ ሲጸልዩ፣ ሲሞሸሩ፣ ሲኳሉ፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እናያለን።

በመማሪያ ክፍል ውስጥ አስተማሪው አንዱን ልጅ አስቀያሚ ነገሮችን እንዲጠራ ይጠይቀዋል። ልጁ እጅን፣ እግርንና ራስን ይጠራል፤ ጓደኞቹም ይስቃሉ። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረን ሰው አካል አስቀያሚ ብሎ መጥራትን ለዚህ ልጅ ማን አስተማረው? በሽታ እንዲህ አያስተምርም። ያስተማረው ሰውን አግልሎ ያኖረው ማኅበረሰብ ነው። ፍትሕን የሚሻ ጥበብ ይህን በደል ዓይናችን ፊት ያቆመዋል።

ሆኖም አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1963 በጀርመን ኦበርሃውዘን ተሸለመ፤ የተቀረጹት ግን እዚያው መንደራቸው ቀሩ። ታዲያ ከሥቃያቸው የተጠቀመው ማን ነው? ፎሩግ ከሕሙማኑ የተወለደ አንድ ልጅ ወላጆቹን አስፈቅዳ ወደ ቴህራን ወሰደች፤ እንደ ልጇም ያዘችው። አንድ ልጅ መውሰድ መንደሩን ነጻ አያወጣም። ቢሆንም ያየችው ነገር የራሷን ቤት በር አስከፍቷታል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ጌታችን ኢየሱስ ለምጻሙን ገና ሳይነጻ ነካው። ለማንም እንዳይናገርም አዘዘው፤ ወደ ካህኑም ላከው፤ ይህ ወደ ወገኖቹ የሚመለስበት መንገድ ነበር። ሰውየው ግን ወሬውን አሰራጨ፤ በዚህም ጌታ ከከተማ ውጭ፣ ሰው በሌለበት ስፍራ ለመቆየት ተገደደ። ተገልሎ የነበረው ገባ፤ የነካው ወጣ። እውነተኛ ርኅራኄ ዋጋ ያስከፍላል።

እንግዲህ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሰውየውን አስፈቅዱ። እናታችሁ በዚያ ቦታ ብትሆን እንዲህ እንድትታይ ትወዱ እንደሆነም ራሳችሁን ጠይቁ። ከቀረጻችሁ በኋላ ስሙን ያዙ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ስልክ ተመለሱ፤ በኅብረታችሁ መካከል መቀመጫ ስጡት። ለዚህ ልባችሁ ካልተዘጋጀ ምስሉን ባታነሡ ይሻላል።