ጎረቤት በካሳ ይተካልን?

ከኩታበር ወጥቶ አዲስ አበባ የሚገባውን ወጣት አስቀድሞ የሚያስጠጋው የአገሩ ልጅ ነው። ሥራ የሚያገኘው በሰፈር፣ ሲታመም የሚጠየቀው በጎረቤት፣ ሲሞትም የሚቀበረው በዕድር ነው። ስለዚህ የዋና ከተማዋ ፕላን ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳና በካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ሥራው ወደ ደሴና ኮምቦልቻም ደርሷል። መጸዳጃ በሌለው ደሳሳ ቤት ይኖር ለነበረ ሰው የተሻለ መኖሪያ ማግኘት ታላቅ ነገር መሆኑን አንክድም። ከተማ ያለ ፕላን ሲያድግም ቀድሞ የሚጎዳው ድኻው ነው።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለንብረት ብቻ ሳይሆን ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ ደንግጓል። ጎረቤት ማጣት ጉዳት መሆኑን ሕግ መመስከሩ ያስመሰግናል። ነገር ግን ካሳው የታሰበው ለባለይዞታ ነው። በሰው ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ እንጀራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ይዞታ የላትም። ሰፈርተኛው ሲበተን ገበያዋንም አስታማሚዋንም በአንድ ቀን ታጣለች።

እንግዲህ ጎረቤት በገንዘብ ይተካልን? አይተካም እንላለን። ካሳ ጉዳትን ማመን ነው፤ የተበተነውን ግን አይሰበስብም። ስለዚህ የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴርም ሆነ የከተማ አስተዳደሮች ከማፍረስ በፊት ተከራዩንም ሊቈጥሩ፣ ነዋሪውን ሊያማክሩ፣ ጎረቤታሞችንም በአንድነት ሊያሰፍሩ ይገባል።

የእኛም ድርሻ አለ። ከፈረሰ ሰፈር ተነሥቶ ከአጠገባችን ለሰፈረው እንግዳ ቡና አፍልተን እንጥራው፤ በዕድራችንም እናስመዝግበው።