ስለ ክትባትና ስለ ሥራ ባልንጀራ

አንባቢ ሆይ፤ «ሥጋዬ የራሴ ነው፤ ስለ ክትባት አሠሪዬ ሊያዘኝ አይገባውም» የሚል ሰው ሰምተህ ይሆናል። ሌላውም፥ «በሽታው ይዞኝ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ክትባት ምን ያደርግልኛል?» ይላል። እነዚህን ሰዎች በስድብ ልንመልስላቸው አይገባም፤ ነገራቸውን እንመርምር።

የሁለተኛው ነገር ከንቱ አይደለም። በፈንጣጣ ታሞ የዳነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አይያዝም ነበር። ነገር ግን ዋጋውን ተመልከት፤ ጽኑው ፈንጣጣ ከያዛቸው ከ100 ሰዎች 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ ከዳኑትም አንዳንዶቹ ታወሩ። የታመመውም በሽታውን ለቤተሰቡና ለሥራ ባልንጀራው ያካፍል ነበር። እንግዲህ ታሞ የዳነ ሰው ያገኘው ኀይል አይካድም፤ ገና ያልታመመው ግን «ታምሜ አገኘዋለሁ» ብሎ ቢጠብቅ፥ በጎረቤቱ ነፍስ ይወራረዳል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በሶማሌ አገር በመርካ ከተማ ዓሊ ማው ማሊን የሚባል የሆስፒታል ወጥ ቤት ነበረ። የሆስፒታሉ ሠራተኞች እንዲከተቡ ቢፈለግም፥ እርሱ መርፌውን ፈርቶ ቀረ። በጥቅምት ወር ፈንጣጣ የያዛቸውን ሁለት ልጆች ለሚያደርስ መኪና መንገድ ሊያሳይ ተሳፈረ፤ በጥቂት ደቂቃ ጉዞም በሽታው ያዘው። ከልጆቹ አንዲቱ ሞተች፤ እርሱ ግን ዳነ። በሽታው እንዳይዛመትም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች ተከተቡ። በዓለም ላይ ፈንጣጣ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው። በኋላ ዘመኑም ስለ ፖሊዮ ክትባት ለወላጆች የራሱን ታሪክ እየነገረ አገለገለ፤ በ2013 ዓ.ም. በዚሁ ሥራ ሳለ በወባ ሞተ።

አሠሪ እንግዲህ ሁሉን ሠራተኛ ያስገድድ ዘንድ ይገባዋልን? በ2022 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ኮሮና ክትባት የወጣውን የታላላቅ ድርጅቶች ትእዛዝ አገደ፤ ለሕሙማን አገልጋዮች የወጣውን ግን አጸና። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚቆምና ብቻውን በመስክ የሚሠራ አንድ አይደሉምና። ክትባትም ሁሉ አንድ አይደለም፤ የኮሮናው ጽኑ ሕመምንና ሞትን እጅግ ቢቀንስም፥ መተላለፍን ፈጽሞ አልከለከለም። ስለዚህ አሠሪ ከማስገደዱ በፊት ያስረዳ፥ ይስማ፥ ቢቻለውም ሌላ ሥራ ይስጥ።

አንተም፥ ወዳጄ ሆይ፥ «የእምቢታዬን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። በራስህ ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ፈቃዱ የአንተ ነው። በደካማው ላይ የሚወድቅ ከሆነ ግን፥ እርሱን ማንም ፈቃዱን እንዳልጠየቀው አስብ።