ጽዋው የማይዘልለው ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአገራችን ገጠር የጽዋ ማኅበር በየወሩ፣ በቅዱስ ሚካኤል ወይም በእመቤታችን ቀን ይጠጣል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፤ ሙሴው ይመራል፤ ሀብታሙም ደኻውም ከአንድ መሶብ ይቆርሳል። በመጨረሻም ጽዋው ተሸፍኖ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ይሄዳል።

ጽዋው ከቤት ወደ ቤት መዞሩ ስለ ምን ነው ቢሉ፣ ማንም ሁልጊዜ ሰጪ፣ ማንም ሁልጊዜ ተቀባይ እንዳይሆን ነው። አንድም፣ ቅዱሱ በጎጆውም በአዳራሹም እኩል እንደሚዘከር ሲያጠይቅ ነው። ይህ ማዕድ ቅዱስ ቁርባን አይደለም፤ በአንድ ቁርባን አንድ የሆኑ ሰዎች በቤታቸው የሚኖሩት ፍቅር ነው እንጂ።

እኛ በጉበይራ ያለን፣ የዕረፍት ቀናችን ዓርብ ስለሆነ መሶባችን የጾም ነው፤ ሽሮና ምስር። የአገሩ ሕግ ጠላ ስለማይፈቅድ የምንቀዳው ብርዝ ነው፤ እርሱም ሲታጣ ውኃ። «ይህ ጽዋ ይባላል ወይ?» የምትሉን አላችሁ። አዎ፣ ይባላል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 10፥42 ዋጋው እንደማይጠፋ የነገረን ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ነው።

ጽዋውን የሚያጎድለው ሌላ ነው። ደመወዟ ተይዞባት «ተራዬ ሲደርስ ምን አቀርባለሁ?» ብላ የቀረች እኅት አለች። በአንዱ ቤት ለስላሳ በካርቶን ተደርድሮ አይቶ፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ ማንሣት የተወ ወንድም አለ። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 የገሠጸው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ጠግቦ ሌላው ሲራብ፣ የሌለው በወንድሞቹ ፊት ሲያፍር።

ስለዚህ የድግሱን ልክ እናውርድ፤ አንድ ዳቦ፣ አንድ ወጥ፣ አንድ ጽዋ ይበቃል። ተራ ደርሶት ለሌለው ማኅበሩ በስውር ያሟላለት፤ ጽዋው ግን በእርሱ እጅ ይቀዳ፣ ምርቃቱም ለእርሱ ይሁን። አገር ቤት ለታመመ ድርሻው ይላክለት እንደነበር፣ ከአሠሪዋ ቤት መውጣት ላልቻለች እኅትም እንላክላት። ይህ ካልተቻለ ደውለን ስሟን በጸሎት እንዳነሣን እንንገራት። በዚህ ሳምንት ከመካከላችን የጎደለውን አንድ ሰው አስቡ፤ ዛሬውኑም ደውሉለት።

የቅዱሳኑ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።