ዘፋኙ፣ ዘፈኑና ገንዘባችን

በአሶሳ ዙሪያ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ የሚነፋው ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ ዋዛ ብቻውን ዜማ አይወጣውም፤ ነፊዎቹ ድምፃቸውን በየተራ ሲቀባበሉ ነው ዜማው የሚሞላው። ዜማው የማንም ብቻ ስላልሆነ የአንዱን ነፊ ጠባይ መመርመር አያስፈልግም። በስሙ የሚጠራ፣ ድምፁም የሚሸጥ ዘፋኝ ሲመጣ ግን የሰውየውን ፖለቲካና ምግባር ትቶ ሥራውን መግዛት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል።

በኅዳር 2001 ዓ.ም. ሁለት ዘፋኞች ተፈረደባቸው። በአዲስ አበባ ቴዲ አፍሮ በመኪና ሰው ገጭቶ ገድሎ አምልጧል ተብሎ 6 ዓመት ተፈረደበት፤ እርሱ ክሱን አላመነም፤ ቅጣቱ በይግባኝ ተቀንሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተፈታ። ፍርዱን እንዳለ ብንቀበለው እንኳ ጥፋቱ ከዘፈኑ ውስጥ የለም። ስለዚህ ካሴቱን የገዛ ሰው የጥፋቱ ተካፋይ ነው ማለት አልችልም።

በአሩሻ ደግሞ የሩዋንዳን የዘር እልቂት በሚዳኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሩዋንዳዊው ሲሞን ቢኪንዲ 15 ዓመት ተፈረደበት፤ በድምፅ ማጉያ ቱትሲዎች እንዲገደሉ ስለቀሰቀሰ ነው። ዘፈኖቹን በዚያ ዓላማ እንደደረሳቸው አልተረጋገጠም። ይሁንና በእልቂቱ ወቅት ለቅስቀሳ መዋላቸውን ፍርድ ቤቱ አረጋግጧል።

በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ቴዲ ስለ ምኒልክ ተናገረው በተባለና እርሱ ባስተባበለው ቃል ሳቢያ «በደሌን አንጠጣም» የሚል ዘመቻ ተነሣ፤ የበደሌ ቢራ ፋብሪካም የቴዲን ኮንሰርት ስፖንሰርነት ሰረዘ። ገንዘብን መንፈግ የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው፤ ይህን አከብራለሁ። ነገር ግን ማስረጃው ሳይጣራ ሰውን ከነሥራው መቅጣት ፍርድን ለጩኸት መስጠት ነው።

ጥብቅ የምሆነው በሌላ ቦታ ነው። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ፣ ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ፣ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። እንዲህ ያለ ሐዘን ባለበት አገር ጎረቤትን በጠላትነት የሚፈርጅ ዘፈን ሲመጣ «ዜማው ግን ደስ ይላል» የሚለው ምክንያት አይበቃኝም፤ ዜማው ባማረ ቁጥር ቃሉ ከልብ አይወጣም። ያልከፈለም አይድንም። የሩዋንዳ አድማጭ የቢኪንዲን ዘፈን በነፃ፣ በሬዲዮም ይሰማ ነበር። ስለዚህ ከገዢው ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአውቶቡስ፣ በሱቅ፣ በሠርግ ላይ የሚያስደምጠውን እጠይቃለሁ፤ ያ የተፈረጀው ሰው እዚያው ተቀምጦ ይሰማልና።